በእጅ የተመረጠ ድንኳን

ጋሽ ፍንጣሪ አርባ ዓመት ሙሉ ብረት ሲበይዱ ኖረው ነው ዓይናቸውን ያጡት። ያጠፋባቸው ግን የብየዳው ብርሃን አልነበረም፤ ግላኮማ የሚሉት በሽታ በዝግታ ገብቶ መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ በኋላም መሐሉን ወሰደባቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሙያ ጓደኞቻቸው ናቸው። ሲቆጡ እንደ ብየዳ ፍንጣሪ ብልጭ ይሉና ሰው ደንግጦ ሳይጨርስ ይጠፋሉ። ቂም የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፤ ዓይናቸው ላይ የያዙትን ካልቆጠርን።

ማየት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። የሚኖሩት አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ነው። ጠዋት ግድግዳውን እየዳበሱ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ይደርሳሉ፤ ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ እስኪመሽ እዚያው ናቸው። ከሐኪም ቤት በቀር የትም አይሄዱም። መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበሩም። አንድ ቀን ብቻቸውን ወርደው ምላጭ ሊገዙ ሲሄዱ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ አታለላቸውና በግንባራቸው ተደፉ። ያነሣቸው ሰው ድሮ ሙያ ያስተማሩት በያጅ ነበር። "ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ ጋሼ?" ሲል ድምፁ ተሰበረ። ከተላጠው ጉልበታቸው ይልቅ ያ ድምፅ አመማቸው። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው "አባዬ፣ እስቲ ወጣ ብለን ነፋስ እንቀበል" ስትላቸው "ነፋሱ በመስኮት ይገባል" ይሏታል።

ልጃቸው አዋላጅ ነርስ ናት። ስልኳ አያርፍም። ያዋለደቻቸው እናቶች ቤታቸው ገብተው እንኳ አይለቋትም፤ አንዷ "ልጁ ጡት እምቢ አለኝ" ትላለች፣ ሌላዋ "እንቅልፍ ካየሁ ሳምንቴ ነው፣ የማብድ መሰለኝ" ብላ ታለቅሳለች። ሁሉም የሚጠይቋት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ሁሉም ግን እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ ይላሉ። ስለዚህ አዋላጇ አንድ ነገር አሰበች። ከሕንፃው ጀርባ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው እዚያ ቢሰበሰቡ፣ እርስ በርስ ቢጨዋወቱ ምን አለበት? ችግሩ ፀሐዩ ነበር። ሜዳው ላይ አንድም ዛፍ የለም። ከሥራ ስትመለስ መንገዷ ላይ ካገኘችው ሱቅ ገብታ አንድ ታጣፊ ድንኳን ገዛች፤ ነጭ፣ ቀላል፣ በአንድ እጅ ብድግ የሚል።

በአንድ እጅ ብድግ የሚለውን ነገር ነፋስም ብድግ እንደሚያደርገው አላሰበችም። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ገና ወሬው መሞቅ ሲጀምር፣ ነፋሱ ከሕንፃዎቹ መሐል ተምዘግዝጎ መጣና ድንኳኑን እንደ ጃንጥላ ገልብጦ አነሣው። በሴቶቹ ራስ ላይ አልፎ አጥሩ ላይ ተፈጠፈጠ። ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን አንደኛው እግር የሁለት ወር ሕፃን ከተኛበት ብርድ ልብስ አጠገብ፣ ስንዝር በማትሞላ ርቀት ነው ያለፈው። የሕፃኑ እናት ልጇን ታቅፋ አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ቤቷ ሄደች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ጋሽ ፍንጣሪ ደረጃው ላይ የብረት መንኳኳት ሰምተው ሬዲዮኑን ቀነሱት።

"ምንድን ነው የምትጎትቺው?"

"ቆሻሻ ነው አባዬ፤ ልጥለው ነው።"

"ቆሻሻ እንዲህ አይጮህም። አምጪው እስቲ።"

የተጣመመውን እግር ጭናቸው ላይ አጋደመችላቸው። አባትየው በሁለት ጣታቸው ጫን አሉት፤ ብረቱ እጥፍ አለ። ጫፉን በጥፍራቸው ፈለጉ፣ ውስጡን በትንሿ ጣታቸው ዳበሱ፣ መገጣጠሚያው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ሳቁ። ልጅቷ አባቷ እንዲህ ሲስቁ ከሰማች ስንት ጊዜዋ!

"ይሄ እኮ ብረት አይደለም ልጄ፤ የብረት ስም ነው። የሣርዲን ቆርቆሮ ከዚህ ይወፍራል። መገጣጠሚያው ደግሞ ፕላስቲክ! ማን ነው የሸጠልሽ?"

"አትሳቅብኝ አባዬ። ሕፃን ልገድል ነበር።" አዋላጇ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "ከእንግዲህ አንዳቸውም አይመጡም። እኔም አልጠራቸውም።"

አባትየው ሳቃቸውን ዋጡ። እጃቸውን ዘርግተው ራሷን ፈለጉና ፀጉሯን ዳበስ ዳበስ አደረጉላት።

ሦስት ቀን ያህል ስለ ድንኳን የተነሣ ነገር የለም። በአራተኛው ቀን ግን አዋላጇ ከሥራ ስትገባ ስልኳን እያየች ነበር። ልቧ አላስችል ብሏታል። "ይሄኛው 'እጅግ ጠንካራ' ይላል" አለች።

"ማነው ያለው?"

"ሻጩ።"

"እናቱም ብትጠየቅ ቆንጆ ነው ትላለች። የእግሩ ውፍረት ስንት ነው? የብረቱን ማለቴ ነው፣ የግድግዳው።"

"አልተጻፈም።"

"መገጣጠሚያው በምን ተያዘ? በሪቬት ነው ወይስ በቡሎን?"

"አባዬ፣ እኔ ምን አውቄ! ፎቶው ላይ ቀይ ነው፣ ያምራል፤ ይኸው ነው የማውቀው።"

"ቀይ!" አሉ ጋሽ ፍንጣሪ ብልጭ ብለው። "ነፋሱ ቀለም ዓይቶ ነው የሚያዝንልሽ? ብረት በፎቶ አይገዛም። ይዳሰሳል፣ ይነቀነቃል፣ ይመታል!"

"እንግዲያው ና ዳስስልኝ።"

ልጅቷ ስልኩን አስቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ ሰሟት። ብልጭታው እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነበር፤ በቦታው የገባው ነገር ግን ቀልባቸውን አስጨነቀው። መንገዱ፣ ጠርዙ፣ የሰው ድምፅ። ደግሞ ወዲያው ያ የሣርዲን ቆርቆሮ ከሕፃን አጠገብ ሲወድቅ ታያቸው።

"ቅዳሜ ሥራ አለሽ?" አሏት በመጨረሻ።

ሱቁ ሰፊ አዳራሽ ነበር፤ ጋሽ ፍንጣሪ ስፋቱን ያወቁት ከኮቴያቸው ድምፅ ነው። የልጃቸውን ክርን ይዘው ገቡ። ሻጩ ጨዋ ወጣት ነው፤ ግን ገና እንዳያቸው "እህቴ፣ አባታችን እዚህ ወንበር ላይ አረፍ ይበሉ፤ እኛ እንይ" አላት።

"አባታችን ለመቀመጥ አይደለም የመጡት" አሉ ጋሽ ፍንጣሪ። "ገዢው እኔ ነኝ። ያለህን አውጣና እጄ ላይ አድርግ።"

ወጣቱ ተሽቆጥቁጦ አንዱን አመጣ። በጥፍራቸው ኳ አደረጉት። "መልሰው።" ሁለተኛው ሲመጣ ግን እጃቸው ለሰስ አለ። ይሄ ሰውየው የሚያውቁት ነገር ነው፤ ወፍራም ቱቦላሬ፣ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ በቡሎንና በዳዶ የታሰረ። ብየዳውን ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣታቸው ሄዱበት። የማን እጅ እንደሆነ ባያውቁም ጥሩ በያጅ እንደነበር አወቁ። የቆየ ወዳጅ ያገኙ ያህል ደስ አላቸው።

"በቃ! ይሄ ነው። ጠቅልልልን።"

"ቆይ አባዬ፣ ላንሣው።" አዋላጇ ጎንበስ አለች፤ ስታምጥ ሰሟት። "አልችልም።"

"ለሁለት ነዋ የሚነሣው።"

"ሁለቱ እነማን ናቸው? እኔና ማን? ሴቶቹ እኮ ገና የወለዱ ናቸው። ግማሾቹ በቀዶ ጥገና ነው የተገላገሉት፤ ቁስላቸው አልጠገገም። ይሄን ከባድ ነገር ከደረጃ ሥር አውጥተን ሜዳ እስክናደርስ ስንቷን ልመልሳት ነው ሐኪም ቤት?"

"ቀላል ገዝተሽ ያየሽውን አይተሻል! ጠንካራ ነገር ከባድ ነው፤ አለቀ!"

ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። ገበያተኛው ሁሉ ጸጥ አለ። ጋሽ ፍንጣሪ የሰው ዓይን ፊታቸው ላይ ሲያርፍ ተሰማቸውና ጆሯቸው ጋለ። የመውጫው በር የት እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ልጃቸው ግን ክርኗን መልሳ እጃቸው ሥር አገባችና ቀስ ብላ "አባዬ፣ እኔ የምፈልገው የሚቆም ድንኳን ብቻ አይደለም፤ የምናቆመው ድንኳን ነው" አለቻቸው።

ይህን ሁሉ የሰማው ሻጭ ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ ረጅም ነገር ይዞ መጣና እጃቸው ላይ አኖረው። ክብደቱ የቀደመውን ግማሽ አይሆንም። ቅርፁ ስድስት ማዕዘን ነው፤ ጣታቸው በየማዕዘኑ እየተሰናከለ ዞረ።

"ምንድን ነው?"

"አሉሚኒየም ነው አባት።"

"አሉሚኒየም!" አሉ ፊታቸውን አጨማደው። "አሉሚኒየም ለድስት ነው።"

"ይዳስሱት ብቻ። ካልወደዱት እመልሰዋለሁ።"

ዳሰሱት። ጫፉ ላይ ውፍረቱን በጥፍራቸው ለኩ፤ ከጠበቁት በላይ ወፍራም ነበር። የውስጠኛውን ቱቦ ከውጭኛው ስበው አወጡ፤ ሳይንገጫገጭ እየተንሸራተተ መጣ። በሁለት እጃቸው ሊያጥፉት ሞከሩ። ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ሞከሩ። አንኳኩተው አዳመጡት፤ ድምፁ የድስት አልነበረም። "ዘርጉት" አሉ። ሲዘረጋ መሐሉ ገብተው በየመገጣጠሚያው ሄዱ፤ ሁሉም ብረት ለብሷል፣ ፕላስቲክ የለበትም። እግሮቹ ሥር ያሉት ዝርግ ብረቶች ለካስማ የሚሆን ቀዳዳ እንዳላቸው ተንበርክከው አረጋገጡ። አንዱን ቋሚ ጨብጠው ነቀነቁት። ከዚያ "አንድ ብርጭቆ ውኃ አምጣልኝ" አሉ።

"ለመጠጥ ነው?"

"ለድንኳኑ።"

ሻጩ እየሳቀ አመጣ። ሸራው ስፌት ላይ አስፈሰሱና መዳፋቸውን ከሥር ደግፈው ጠበቁ። መዳፋቸው እንደ ደረቀ ቀረ።

"አርባ ዓመት ሙሉ አሉሚኒየምን ስሰድብ ኖሬያለሁ" አሉ እጃቸውን እያራገፉ።

"ይቅርታ ይጠይቁታላ!" አለ ወጣቱ።

"ነፋሱ ካለፈ በኋላ እጠይቀዋለሁ። ለእግሮቹ የሚሆን የአሸዋ ከረጢት አለህ? አራት። ገመድና ካስማውንም አትርሳ።"

አዋላጇ ቀጣዩን ወር ሳትጠብቅ ግማሹን ሳምንት ስልክ ስትደውል ሰነበተች። አንዳንዶቹ "እስቲ እናያለን" አሏት፤ ይህ ደግሞ የጨዋ እምቢታ መሆኑን ታውቃለች። ያቺ የሁለት ወር ሕፃን እናት ስልኳን አላነሣችም። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ስምንት ሴቶች ሜዳው ላይ ተገኙ፤ ከሁሉም በፊት ቀድማ የደረሰችው ደግሞ ስልኳን ያላነሣችው ናት። "ልጁ ቤት አልቀመጥ አለ" አለች፤ አልቀመጥ ያለው ማን እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ነበር።

ጋሽ ፍንጣሪ መሐል ቆመው ትእዛዝ ሰጡ። "አራት ሴቶች በአራቱ እግሮች! ቁስል ያላት አትምጣ፤ ልጅ ትያዝ። አሁን ሁላችሁም አንድ ላይ ወደ ኋላ ሂዱ፤ አንዷ ብቻዋን እንዳትስብ፣ ፍሬሙ ይጣመማል። ግማሽ ሲደርስ ቁሙ፤ ሸራውን አልብሱት። እሺ፣ አሁን እስከ መጨረሻው! እግሩ ላይ ያለው ቁልፍ ጠቅ ሲል ልቀቁ።"

ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ።

"ሦስት ሰማሁ። አራተኛው የታለ?"

"ኧረ ገብቷል ጋሼ!" አለች አንዷ።

"አልገባም። እንደገና ግፊው።"

ጠቅ አለ። ሴቶቹ ተሳሳቁ፤ አንዷማ "ዓይን ያለን እኛ አላየነውም" ብላ ደንግጣ አፏን ያዘች። ጋሽ ፍንጣሪ ግን ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው ራሳቸውንም ገረማቸው።

ከረጢቶቹ ታሰሩ፣ ካስማዎቹ ተመቱ፣ ብርድ ልብሶቹ ተነጠፉ። ወሬው ግን ቶሎ አልሞቀም። ሸራው ትንሽ እፍ ባለ ቁጥር ሴቶቹ ቀና ይላሉ፣ ልጆቻቸውን ጠጋ ያደርጋሉ። አዋላጇ ስለ እንቅልፍ ማውራት ብትጀምርም የሚሰማት አልነበረም። ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው።

እሱም መጣ። ጋሽ ፍንጣሪ ቀድመው ሰሙት፤ ከሕንፃዎቹ መሐል የተሰጣ ልብስ እየተርገበገበ፣ የሆነ በር እየተላጋ። "ነፋስ መጣ፤ ማንም እንዳይነሣ!" ማለታቸውና ሸራው እንደ ከበሮ መመታቱ አንድ ሆነ። ቋሚዎቹ ሲጢጥ አሉ። ሕፃናት አለቀሱ። የሁለት ወሩ ሕፃን እናት ልጇን ጭምቅ አድርጋ ብድግ ስትል አዋላጇ እጇን ያዘቻት።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። ማንም አልያዛቸውም። እጃቸውን ዘርግተው የመጀመሪያውን ቋሚ አገኙ፤ መዳፋቸውን ጥለውበት ጠበቁ። ደህና ነው። ከዚያ በራሳቸው ከፍታ የሚያልፈውን ማገር ተከትለው ወደ ሁለተኛው ሄዱ፤ ደህና ነው። ሦስተኛው ሲደርሱ ቋሚው እጃቸው ውስጥ ዘለል ዘለል ይላል። ወደ ውጭ የወጣውን ገመድ ይዘው ሄዱበት፤ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ ወደቀ፣ ነፋሱ ሸሚዛቸውን ነፋው። ካስማው ቀጥ ብሎ ስለተመታ ተነቅሎ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

"መዶሻ!" አሉ።

አንዲት ሴት እየሮጠች መጥታ መዶሻውን እጃቸው ላይ አኖረች። "እኔ ልምታው ጋሼ?"

"መምታት ትችያለሽ?"

"ሥራዬ ነው።"

"እንግዲያው ነቅለሽ አጋድመሽ ምቺው፤ አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘንብል።"

ሦስት ጊዜ መታችው፤ እንደ ባለሙያ፣ አንዱንም ሳትስት። ገመዱ ክርር አለ። ነፋሱ አንድ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሞከረና ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ድንኳኑ ካለበት ንቅንቅ አላለም። የሁለት ወሩ ሕፃን እናት ተመልሳ ተቀመጠች፤ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ ለማንም ሳይሆን "እኔ እኮ ሌሊት ሌሊት ልጁ ሞቶብኝ እንዳይሆን እያልኩ ነው የምነሣው" አለች። "እኔም!" አለች ከጎኗ ያለችው። "እኔም እኮ!" ያን ጊዜ ነው ወሬው የሞቀው፤ ሞቆም እስከ ቀትር አልበረደም።

መዶሻ ይዛ የሮጠችው ሴት የአምስት ወር ሴት ልጇን ከጎረቤቷ ተቀብላ ከጋሽ ፍንጣሪ አጠገብ ተቀመጠች። በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ አላት። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አለች። "አንድ ትልቅ የግቢ በር ሠርተን አስረከብን። የላይኛው ማጠፊያ ብየዳው ይሰነጠቃል። ሦስት ጊዜ በየድነው። ሦስቴም ተሰነጠቀ።"

"ቀለሙን ፍቃችሁ ነው የምትበይዱት?"

"ፍቀን ነው እንጂ!"

"የታችኛውስ?"

"የታችኛው ምንም አልሆነ።"

ጋሽ ፍንጣሪ አገጫቸውን አሸት አሸት አደረጉ። "ሳልዳስሰው ብነግርሽ ውሸት ይሆንብኛል።"

"ሰኞ መጥቼ ልውሰድዎታ።"

ወርክሾፕ ማለት በያጅ ማለት ነው፤ በያጅ ደግሞ ያውቃቸዋል። "ተይው ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያዩኝ እንደሆን ያዝኑልኛል። እሱን አልችለውም።"

"እኔ ለማዘን ጊዜ የለኝም ጋሼ" አለች በር ሠሪዋ ልጇን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወረች። "ደንበኛው በሩን ሊመልስብኝ ነው።"

ሰኞ ጠዋት በር ሠሪዋ በጭነት መኪናዋ መጥታ ወሰደቻቸው፤ በሩ ወደ ቆመበት ግቢ። ሁለት በያጆቿ እዚያ ይጠብቁ ነበር። አንደኛው ጋሽ ፍንጣሪን ሲያይ "ጋሼ!" ብሎ ድምፁ ሊሰበር ሲል በር ሠሪዋ ከአፉ ቀበል አድርጋ "ሰላምታ በኋላ! በሩን ክፈትላቸው" አለችው።

ሦስት ጊዜ አስከፈቷቸው፣ ሦስት ጊዜ አስዘጓቸው። አንድ እጃቸውን ማጠፊያው ላይ፣ አንዱን ደግሞ ምሰሶው ላይ አድርገው አዳመጡ። በአራተኛው ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉ።

"ማጠፊያው ላይ የጮሃችሁበት ያለ ጥፋቱ ነው። ምሰሶው ነው ያዘነበለው። ሁለቱ ማጠፊያዎች አንድ መስመር ላይ አይደሉም፤ ክብደቱን የተሸከመው የላይኛው ብቻ ነው። ገመድ ጣሉበትና እዩት።"

ድምፁ ሊሰበር የነበረው በያጅ ቱንቢውን አውርዶ አየ። "የአንድ ጣት ያህል ወጥቷል" አለ። አሁን ድምፁ ውስጥ ኀዘን የሚባል ነገር አልነበረም፤ እልህ ነበር። "በሉ እንግዲህ ጋሼ፣ ሰይጣን ምሰሶ ነው፤ ከየት እንጀምረው?"

እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩ። ምሰሶውን ከሥሩ ይንቀሉት ወይስ ታችኛውን ማጠፊያ ያውጡት በሚለው ላይ ጋሽ ፍንጣሪ ሁለት ጊዜ ብልጭ አሉ፣ ሁለት ጊዜም ጠፉ። በመጨረሻ ምሰሶው ተቃና፤ በሩ በአንድ ጣት ተገፍቶ ያለ ድምፅ ሄደና ተዘጋ። ሲመለሱ በር ሠሪዋ መኪናውን እየነዳች "ወርክሾፑ ውስጥ ደግሞ አንድ ደረጃ አለ፤ ይወዛወዛል" አለቻቸው።

"ስንት እርከን ነው?"

"አሥራ አራት።"

ጋሽ ፍንጣሪ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ክርናቸውን አወጡበት።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱት?" አሉ።